እማዬን ይዤ ወደ ግዙፎቹ ዛፎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎች። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ዛፍ ናቸው። ተነጋግረው የጻፉ ይመስላሉ እንጂ አይተዋወቁም። የመጀመሪያዋ ረጅም ስለነበረች ትንሽ አሳጥረናታል። መልሱን ግን አላሳጠርኩትም፤ ጉዳዩ ልቤን ነክቶታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ነው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ደግፈን ስንይዛት ሁለት ሦስት እርምጃ ትራመዳለች፣ ከዚያ በላይ አትችልም። ወንድሜ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ኦክላንድ ከተማ ነው ያለው። ቪዛ ወጥቶልናል፤ በመጪው ክረምት ሄደን ሁለት ወር እንቆያለን። የወንድሜ ልጅ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ከላከላት ጀምሮ እማዬ ሌላ ወሬ የላትም። «ይህን ዛፍ በዓይኔ ሳላይ አልመለስም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ጫካ ነው፣ ተራራ ነው፣ አትችልም፣ በቪዲዮ አሳያታለሁ ይላል። እኔም ፈራሁ። እውነት በዊልቸር የሚገባበት ጫካ አለ? ድንኳን ውስጥ ማደርስ ለሷ ይሆናል? (ልጇ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አለ። አንድ ብቻም አይደለም። እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ።

ግን ከዛፉ በፊት ስለ መንገዱ እናውራ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አክስቴ እንደ እናትሽ በዊልቸር ነበሩ። አንድ ጊዜ ዘጌ ሄደው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም አማራቸው። ጀልባ የሚነዳውን ልጅ «ዊልቸር ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ችግር የለም» አለኝ። አመንኩት፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ከጀልባ እንደወረድን ዳገቱ ጀመረ። ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር፣ እንደገና ድንጋይ። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ አንደኛው በሁለት ድንጋይ መሃል ገብቶ ተቀረቀረ። አራት ጎረምሶች ሮጠው መጡና ከነወንበሩ ተሸከሟቸው። ልጆቹ ያደረጉት በፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። አክስቴ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው ነበር። ወንበሩ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ሲያጋድል ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል ሰማሁት። መንገዱ ሳይጋመስ «ልጆቼ፣ በቃኝ፣ እዚህ አውርዱኝ» አሉ። አንድ ቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሩቁ ተሳለሙና ተመለስን።

ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁ አልዋሸኝም፤ «ሰው አለ፣ ይሸከማል» ማለቱ ነበር። እኔ ነበርኩ መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ የነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ «ችግር የለም» የሚባል መልስ አልቀበልም። መሬቱ ምንድን ነው እላለሁ፤ አስፋልት ነው፣ ጣውላ ነው ወይስ ጠጠር? ዳገቱስ? ስፋቱስ? ሽንት ቤቱ የት ነው፣ በሩስ ዊልቸር ያስገባል?

እዚያ አገር ደስ የሚለው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው። የፌዴራል ፓርኮች አዲስ ለሚሠሩት የእግር መንገድ መለኪያ አላቸው። ለዊልቸር የተባለ መንገድ ስፋቱ ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ረጅም ከሆነ በየ20 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይልም። ከዚያ የበለጠ ዳገት ካለ ደግሞ አጭር መሆንና ማረፊያ ያለው መሆን አለበት። ድሮ የተሠሩት መንገዶች ሁሉ ይህን ያሟላሉ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ወንድምሽ ወደ ፓርኩ ደውሎ ይጠይቅ። ስልኩን የሚያነሱት ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለምደውታል፣ አይፈር።

አሁን ወደ ዛፎቹ። የወንድምሽ ልጅ የቱ ዛፍ ሥር እንደተነሳ አልጻፍሽልኝም። በዚያ አገር ሁለት ዘመዳሞች አሉ። ሬድዉድ የሚባለው የውቅያኖስ ዳርቻ ጉም የሚወድ ሲሆን በቁመት ከዓለም አንደኛ ነው፤ ረጅሙ ከ115 ሜትር ይበልጣል። ሴኮያ የሚባለው ደግሞ ሴራ ኔቫዳ በሚባለው ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ብቻ ነው በተፈጥሮ የሚበቅለው። ቁመቱ ከሬድዉድ ያንሳል፤ በግንዱ ግዝፈት ግን የሚደርስበት የለም።

መጀመሪያ ሚዩር ዉድስ ውሰዷቸው። ከኦክላንድ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያሉት ሬድዉዶች ናቸው። ዋናው መንገድ ለጥ ባለ ሸለቆ ውስጥ ወንዙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ጣውላና አስፋልት ስለሆነ ዊልቸሩ ያለ ጭንቅ ይንሸራተታል። ማደሪያ የለውም። ለመጀመሪያ ቀን ይሄ ጥሩ ነው፣ እናትሽ ከደከማቸው ማታ ቤታቸው ናቸው። መኪና ማቆሚያውን ግን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት መያዝ አለባችሁ። ማረጋገጫውን ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ እዚያ ከደረሳችሁ ኔትወርክ የለም።

ያ ቀን በሰላም ካለፈ ካላቬራስ ቢግ ትሪስ የሚባለው የግዛቱ ፓርክ አለ። ከኦክላንድ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሴኮያዎቹ እዚህ ናቸው። ለማደር ከመረጣችሁ እኔ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው። ሰሜናዊው የዛፎች መንደር ውስጥ የሚዞረው መንገድ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ለስላሳ ተዳፋት ስለሆነ ለዊልቸር ይመቻል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታም እዚያው አጠገቡ ነው። በመንካት፣ በማሽተትና በመስማት ጫካውን ለማወቅ የተዘጋጀ አጭር መንገድም አለ። እናትሽን እዚያ አስገቢያቸው። የሴኮያ ቅርፊት ቀይ ቡናማ ነው፤ ስታዪው ድንጋይ ይመስላል፣ ስትነኪው ግን ቃጫማና ለስለስ ያለ ነው፣ ጣት ሲጫነው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ያልፋል። ተራ እሳት በቀላሉ የማይበግራቸውም ለዚህ ነው።

እዚያው አንድ ጉቶ ታያላችሁ። ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1853 የቆረጡት ለትርዒት ብለው ነው። መጋዝ ስላልበቃው ግንዱን በመሰርሰሪያ እየበሱ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀባቸው። ጉቶው ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት አለው፤ በኋላ ላይ ሰው ይጨፍርበት ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ይከፋኛል። ይሁንና መቆረጡ በሰው ላይ ካስነሳው ቁጣ ነው ዛፎቹ ይጠበቁ የሚለው ድምፅ እየበረታ የመጣው፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1931 የግዛቱ ፓርክ ሆነ።

ሦስተኛው ራቅ ያለው ነው፣ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ። ከኦክላንድ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጄኔራል ሸርማን የሚባለው፣ በግንዱ ግዝፈት ከዓለም ትልቁ ዛፍ ያለው እዚህ ነው። ቁመቱ 84 ሜትር ገደማ፤ ሥሩ ላይ ዙሪያው 31 ሜትር ነው። 20 ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እጁን ዘርግቶ ነው የሚከበው። ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሰው ሁሉ የሚሄድበት ዋናው መንገድ ደረጃ አለው፤ ወደ ዛፉ ስትወርዱ ባይታወቃችሁም ስትመለሱ ዳገት ነው። የአካል ጉዳተኛ ካርድ ላለው መኪና ግን ዛፉ አጠገብ ሌላ ማቆሚያ አለ፣ ከዚያ አጭርና ጥርጊያ መንገድ ይወስዳችኋል። ወንድምሽ ካርዱን ከወዲሁ ይጠይቅ። ደግሞ ሸርማንን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ቅርቡ ላይ ቢግ ትሪስ ትሬይል የሚባል አለ፤ አንዲት መስክ ይዞራል፣ አስፋልትና ጣውላ ነው። ሕዝቡ ሸርማን ጋ ሲጋፋ እናትሽ እዚህ ተረጋግተው ይቀመጣሉ። እኔ ከሸርማን ይልቅ እዚያ ነው ልቤ የቀረው።

ስለ ከፍታው አትጨነቂ። ሰው ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል። እናንተ ግን የኖራችሁት 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ከሁሉ ከፍ የሚለው የሸርማን ቦታ ደግሞ 2,100 አካባቢ ነው። ወራቱም ይመቻል፤ ባሕር ዳር ዝናብ ሲያወርድ እዚያ በጋ ነው። ሐምሌን ምረጡ። ወደ ነሐሴና መስከረም ሲገፋ የሰደድ እሳትና ጭስ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 እሳት ሲቀርብ የሸርማንን ሥር እሳት በማይበላው ፎይል ጠቅልለውት ነበር፣ ሕፃን በጋቢ እንደሚጠቀለለው። ዛፉ ተርፏል።

ድንኳኑን በተመለከተ፦ ቦታ ስትይዙ ለዊልቸር የሚሆነውን ብላችሁ ያዙ። እንዲህ ዓይነት ቦታ መሬቱ ጠንካራና ለጥ ያለ ነው። ጠረጴዛው በአንድ በኩል ወጣ ስለሚል እናትሽ ጉልበታቸውን ከሥሩ አስገብተው እንደ ሰው ሁሉ ይመገባሉ። ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ወራት ቀድሞ ያልቃል፤ ቪዛው ከወጣ ዛሬውኑ ወንድምሽ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ።

መሬት ላይ እንዳታስተኟቸው! ዳሌያቸው የተሰበረ ሰው ከመሬት መነሳት ጣጣ ነው። ከፍታው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር የሚስተካከል ተጣጣፊ አልጋ ግዙ፤ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ታሸጋግሯቸዋላችሁ። ድንኳኑ ቆመሽ የምትገቢበት ይሁን፣ በሩ ላይ ወለሉ ከፍ ብሎ ጎማ የሚይዝ እንዳይሆን። ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢያቸውን ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። የእጅ ባትሪ ከአልጋቸው አጠገብ አይጥፋ።

ድብ አለ። አትደንግጪ፤ የሚፈልገው ምግቡን ነው። በየቦታው ወፍራም የብረት ሣጥን ተቀምጦላችኋል። ምግብ ብቻ ሳይሆን ሽታ ያለው ሁሉ እዚያ ይገባል። ድርቆሹ፣ በርበሬው፣ ቂቤው፣ ሳሙናው፣ የፀጉር ቅባቱ ሳይቀር። መኪና ውስጥም አይተውም፣ ድብ በር ይገነጥላል። ቡና ማፍላት ካማራችሁ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ በጋ ላይ የከሰል እሳት የሚከለከልባቸው ቀናት አሉ። ሲኒውን አትርሱ እንጂ! እናትሽ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አቦል ሲጠጡ ይታየኛል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር። ለአካል ጉዳተኛ የዕድሜ ልክ ነፃ መግቢያ አለ ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ አክሰስ ፓስ ይባላል። እሱ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፣ ለጎብኚ አይሰጥም። ደግሞ ለብሔራዊ ፓርኮች እንጂ ለካላቬራስ አያገለግልም።

በረራው ላይ ዊልቸራቸው እንደ ሻንጣ ኪሎ አይቆጠርም። ትኬቱን ስትቆርጡ ለአየር መንገዱ ንገሩ፤ ወደ መቀመጫቸው የምታደርስ ጠባብ ወንበር እንዲያዘጋጁ። የሚነቀለውን ሁሉ፣ ትራሱንና የእግር ማሳረፊያውን፣ ነቅላችሁ ይዛችሁ ግቡ። ጉዞው ረጅም ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫቸው ትንሽ እንዲነሱ እርጂያቸው፣ ቆዳቸው እንዳይቆስል።

ወንድምሽንም አትቆጪው። ክፋት አይደለም፤ እናቱ ሰው ፊት እንዳይቸገሩ ፈርቶ ነው። ግን ዛፉን ሽቅብ ሲያዩት አንገት ያማል፤ ቪዲዮ ያንን አይሰጥም። አንቺም ብትሆኚ ለእናትሽ አትወስኚላቸው። መንገዱን፣ ርቀቱንና ሽንት ቤቱን በዝርዝር ንገሪያቸው፣ ከዚያ እሳቸው ይበሉ። መሃል ላይ «በቃኝ» ካሉም በቃቸው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። አሜሪካ የምሄድበት አቅም የለኝም። እዚሁ ጣና ዳር ትልቅ ዛፍ ሥር የምቀመጥበት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ። ሰው እንዲሸከመኝ አልፈልግም። (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርህን ደጋግሜ አነበብኳት። አክስቴም ይህንኑ ነበር የፈለጉት።

አንድ ነገር በእጃችን አለ። ከተማችን ሜዳ ናት። ብስክሌት የሚወደድባት ከተማ ለጎማ ሁሉ ትመቻለች። ሐይቁ ዳር ባሉት መናፈሻዎችና ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ጥላቸው መቶ ሰው የሚያስጠልል ዋርካና ሾላ አሉ፤ ከሥራቸው እስከ ውኃው ድረስ ለጥ ያለ ነው። ችግሩ እዚያ የሚያደርስህ የእግረኛ መንገድ ነው። ጠርዙ ከፍ ይላል፣ መውረጃ የለውም፣ ወይ መሃሉ ላይ ፖል ተተክሏል። በጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ አስፋልቱን ይዘህ ሂድ። ጠዋት ሌላም ጥቅም አለው፤ ጣና እስከ ረፋድ ድረስ ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ደንገል የጫነ ታንኳ ሲያልፍም ታያለህ።

ዘጌን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። ጫካው እንደዚያ ሆኖ የቆየው በእምነት ነው። የዘጌ ሰው አቡነ በትረ ማርያም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ለምድሪቱ እንደሰጧት ይተርካል፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ስለኖረ ዛፉ አልተመነጠረም። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ግን ዛሬም ያው ድንጋይና ሥር ነው። ያለ ሸክም አትደርስም፣ ስለዚህ አልልክህም።

ይህን አምድ ለሚያነቡ የዘጌ ሰዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለሚመለከተው ቢሮ ሁሉ የምለው አለኝ። ገዳሙ ደጃፍ ድረስ አስፋልት አንጥፉ አላልኩም፤ ጫካውን የሚጎዳ ነገር አንፈልግም። ከጀልባ መውረጃው ጀምሮ 200 ሜትር ብቻ፣ ሥሩን ሳይነኩ ከላዩ ጣውላ ቢነጠፍ፣ መጨረሻው ላይ ቡናው መሃል መቀመጫ ቢኖር ይበቃል። የአገራችን የሕንፃ ሕግ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ ያዝዛል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ደግሞ የቱሪስት ቦታንም ይጠራል። ተሳላሚ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሁሉም ነው የሚጠቀምበት።

እስከዚያው ጀልባ ላይ ወጥተህ ጫካውን ከውኃው ማየት ከፈለግህ ከመሳፈርህ በፊት መሳፈሪያውን ራስህ ሄደህ እየው። ጀልባዋና መሳፈሪያው እኩል ናቸው? በመሃላቸው ያለው ክፍተት ስንት ነው? ሰፊ ሳንቃ አላቸው? ዊልቸሩ ከገባ በኋላ ፍሬኑን ያዝ፣ የሕይወት ጃኬቱን ልበስ፤ ቀበቶ ግን ከወንበሩ ጋር አትታሰር። ጀልባ ቢገለበጥ ወንበሩ ይዞህ ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ታላቅ እህቴ የሴኮያ ዘር በፖስታ ይመጣል አለችኝ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ብተክለው ይበቅላል?

መልስ፦ ጎበዝ! ዘሩ ከሰሊጥ ብዙም አይበልጥም፣ ክንፍ ያላት ስስ ፍሬ ናት። አንድ ኪሎ ውስጥ 200,000 ያህል ትገባለች። ፍሬውን የያዘው ኳስ ዛፉ ላይ እንደተዘጋ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እሳት ከሥሩ ሲያልፍ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ይከፈታል፣ ዘሩም አመዱ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ሰዎች ለብዙ ዓመት እሳት ሁሉ ሲያጠፉ ቆይተው ችግኝ ሲጠፋባቸው ራሳቸው ተጠንቅቀው ትንንሽ እሳት መለኮስ የጀመሩት።

ለባሕር ዳር ግን አይሆንም። ሴኮያ የለመደው በረዶ የሚጥልበት ክረምትና ከበረዶው ቀልጦ በጋውን የሚያጠጣው ውኃ ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ ይበዛበታል። ከውጭ የመጣ ዘር ያለ ፈቃድ ማስገባትም ልክ አይደለም፣ በሽታ ይዞ ይመጣል።

ዋንዛ ትከል። ቶሎ ያድጋል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ በጥቂት ዓመት ጥላ ይሰጥሃል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ ጉድጓዱን ጉልበትህ ድረስ ቆፍር። ከእግር መንገዱ ግን አምስት ስድስት እርምጃ አርቀው፤ ሲያድግ ሥሩ መንገዱን ያነሳዋል፣ ከክፍል ጓደኞችህ መካከል በዊልቸር የሚመጣ ካለ ማለፊያ ያጣል።